ኮፓው ከተገጠመ በኋላም የሚያንጠባጥብ ዘይት

ጥያቄ፦ ከደባርቅ ወደ በየዳ የሚመላለስ መኪና ባለቤት የሞተሩን ኮፓ ራሱ ፈትቶ በአዲስ ሲሊኮን ቢገጥመውም ዘይት ማንጠባጠቡ ያልቆመው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ኮፓ፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ሆኖ ዘይቱን የሚይዘው ቋት፣ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ያለ ጥፋቱ ነው፤ ከቴስታታው ክዳን ወይም ከዘይት ፊልትሮው የሚወርድ ዘይት በስተመጨረሻ የሚንጠለጠለው በኮፓው ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ከመፍታት በፊት ሞተሩን አጥቦና አድርቆ፣ ለጥቂት ደቂቃ አስነስቶ፣ እርጥበቱ የሚጀምርበትን ከፍተኛ ቦታ በባትሪ መፈለግ ይገባል።

ጥፋቱ የኮፓው ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ነው። ፍሳሹን ያየ ሰው ቡሎኑን ይበልጥ ሲያጠብቅ ቀጭኑ ቆርቆሮ በየቀዳዳው ዙሪያ ወደ ላይ ያብጥና በሁለት ቡሎኖች መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ጠርዙ በመስታወት ላይ ተደፍቶ ሲታይ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ እብጠቱ እንጨት ተደግፎ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ይመለሳል፤ አሮጌው ሲሊኮን ተፍቆ ሁለቱም ገጾች ከቅባት ይጸዳሉ። አዲሱ ሲሊኮን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ያልተቋረጠ መስመር ይቀባል፤ ሲበዛ (የተለመደ ልግስና ነው) ትርፉ ወደ ውስጥ ወድቆ የዘይት ፖምፓውን ማጥለያ ሊደፍን ይችላል። ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ጫፍ እየተፈራረቁ በሁለት ሦስት ዙር ይጠብቃሉ፤ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን አብዛኛውን ጊዜ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ የእጅ አንጓ ጉልበት ያህል፣ ይበቃዋል። የደባርቅ ብርድ የሲሊኮኑን መድረቅ ስለሚያዘገይ፣ ዘይቱ የሚሞላው አንድ ሙሉ ቀን ካደረ በኋላ ነው።