የከተማ ሥራ አስኪያጆች ምክክር

ነጋዴ ዕቃውን ከማን፣ በስንት እንደ ገዛ ለጎረቤቱ ነጋዴ አይገልጽም፤ አይፈረድበትምም። የከተማ ሥራ አስኪያጅ ግን ለመንገድ ሥራ የከፈለውን ዋጋ ለሌላው ከተማ ባልደረባው ቢነግር ደንበኛ አይወሰድበትም።

ይህ ሙያ በአሜሪካ የተጀመረው በ1908 ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)፤ ይኸውም የቨርጂኒያዋ ስታንተን ከተማ ቻርልስ አሽበርነር የተባለውን መሐንዲስ በደመወዝ ቀጥራ የዕለት ሥራዋን ባስረከበችው ጊዜ ነው። የኦሃዮዋ ዴይተንም በ1913 በጎርፍ ከተጥለቀለቀች በኋላ፣ የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት ጆን ፓተርሰን አጥብቀው የደገፉትን ይህንኑ አሠራር ተቀበለች።

በአሠራሩ መሠረት ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ደንብና በጀት ይወስናል፤ ሥራ አስኪያጁ ያስፈጽማል። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ሥራ አስኪያጁን ምክር ቤቱ በፈለገ ጊዜ ሊያሰናብተው ይችላል፤ በከተማውም ውስጥ ያሉት አለቆቹና የበታቾቹ እንጂ ጭንቀቱን የሚያካፍለው የሙያ እኩያው አይደሉም። ስለዚህ በ1914 ስምንት ሥራ አስኪያጆች በኦሃዮዋ ስፕሪንግፊልድ ተሰብስበው ማኅበር አቆሙ፤ በ1924ም የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ።

ጉዳዩ ለነጋዴው ሩቅ አይደለም። ሁለት ከተሞች የውሃ ቧንቧ የገዙበትን ዋጋ ቢያስተያዩ፣ አብልጦ የከፈለው ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም። ይህ ለአንዳንድ አቅራቢ ላይጥመው ይችላል፤ ትርፉ ተከፍሎ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚሄደው ግን የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። እርግጥ፣ የመሬቱ ጠባይና የማጓጓዣው ርቀት ሳይገለጽ ዋጋ ብቻውን ቢነገር ያሳስታል፤ ስለሆነም ከቍጥሩ ጋር ሁኔታውን አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል።