የጦር ሰፈር ኪራይ ለነጋዴ ምን ያስተምራል?

አዘዞ ለጎንደር ነጋዴ መገንጠያ ናት። በምዕራብ በመተማ አድርጎ ፖርት ሱዳን፣ በደቡብ ወረታን ይዞ በወልድያና በሚሌ ጅቡቲ ይደረሳል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት ውስጥ ስትገባ ግን የምዕራቡ በር አላስተማምን አለ።

ጅቡቲ በአንድ ደንበኛ አትተዳደርም። ባብ ኤል መንደብ አጠገብ ያለ መሬቷን ለፈረንሳይ፣ ለአሜሪካ፣ ለጃፓንና ለቻይና የጦር ሰፈር አከራይታለች። አሜሪካ በ2014 ውሏን ስታድስ የዓመቱ ኪራይ ወደ 63 ሚሊዮን ዶላር አደገ። ሰፈሯን በ2017 የከፈተችው ቻይና ደግሞ ለአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር አበድራለች (የብድሩ ሸክም ሳይረሳ)።

ኢትዮጵያም አከራይ ነበረች። በ1953 በተፈረመ የ25 ዓመት ውል አሜሪካ አስመራ ላይ ቃኘው ጣቢያን ያዘች፤ ኢትዮጵያ በምትኩ ያገኘችው በአመዛኙ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ነው። ተከራዩ ግን አንድ ብቻ ነበር። ሳተላይት ሲመጣ የጣቢያው ተፈላጊነት ቀነሰ፤ ደርግ በ1977 ዝጉ ሲል አሜሪካም ለመልቀቅ ተዘጋጅታ ነበር።

አዘዞ ላይ ጭነት የሚያስነሳ ነጋዴም «በመተማ እሄዳለሁ» ማለት ካልቻለ፣ የመኪናው ኪራይም የወደቡ ታሪፍም በጅቡቲ መስመር ዋጋ ይቆረጥበታል።