ፍርሃት እና ምጥ

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳይሆንብኝ አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ አልወለድኩም። የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ርዕሱን የመረጥኩት በታላቅ እህቴ ምክንያት ነው።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትሄድ ምጧ ተፋፍሞ ነበር። ቤት ውስጥ እናቴ ወገቧን እያሸች፣ ጎረቤቶች «ማርያም ማርያም» እያሉ ቶሎ ቶሎ ይመጣባት ነበር። ማዋለጃ ክፍል ገብታ በሩ እናቴ ላይ ሲዘጋ ግን ምጡ ላላ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠፋ ማለት ይቻላል። አንዷ ባለሙያ «አንቺ ገና ነሽ፣ ምን አስቸኮለሽ?» አለቻት። እህቴ እስከ ዛሬ የምታነሳው ሕመሙን ሳይሆን ይህችን ንግግር ነው።

ለመሆኑ በር ሲዘጋ ምጥ ይቆማል እንዴ? ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ነው፤ የሚመነጨውም ከአንጎል ነው። ሰው ሲፈራ ደግሞ አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። አድሬናሊን ሲበዛ፣ በተለይ በምጡ መጀመሪያ ላይ፣ የማህፀኑን መኮማተር ሊያዳክም ይችላል። የእህቴ ምጥ በዚህ ብቻ ላላ ብዬ መማል አልችልም፤ በሌላም ምክንያት ይላላልና።

እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን እንደ አዙሪት አይቶታል። ፍርሃት ሰውነትን ይወጥራል፣ ውጥረቱ ሕመሙን ያብሳል፣ ሕመሙ መልሶ ፍርሃቱን ይጨምራል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሰውየው «ያልሠለጠኑ» የሚላቸው ሴቶች ያለ ብዙ ሕመም ይወልዳሉ ብሎም ያምን ነበር። የገጠር እናቶቻችንን ቢጠይቅ ኖሮ! የከበደ ነገር ሲገጥመን «ምጥ ሆነብኝ» የምንለው በከንቱ አይደለም።

እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን ይበልጥ የሚመለከተን የሚቀጥለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በጓቲማላ የተሠራ አንድ ጥናት ታትሞ ወጣ። በምጥ ላይ ላሉ የመጀመሪያ ወላዶች አብራቸው የምትቀመጥ፣ እጃቸውን የምትይዝና የምታናግራቸው ሴት ተመደበች። ሴትዮዋ ሐኪምም አዋላጅም አይደለችም። (በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለችውን «ዱላ» ይሏታል፤ ቃሉ የግሪክ ነው። በፊደላችን ስጽፈው ሳቅ መጣብኝ። በእኛ አገር ማዋለጃ ክፍልና ዱላ አንድ ላይ ሲነሱ የሚታወሰን ሌላ ነው።) ሰው ያልነበራቸው እናቶች ሆስፒታል ከገቡ እስኪወልዱ በአማካይ ከ19 ሰዓት በላይ ሲፈጅባቸው፣ አብራ የምትሆን ሴት የነበረቻቸው 9 ሰዓት እንኳ አልሞላቸውም።

ምን ዓይነት ርዕስ ይወጣዋል! ግን በዚህ ስሌት የገቡት እናቶች 40 ብቻ ናቸው፤ ችግር የገጠማቸው ወላዶችም ተለይተው ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮክሬን የተባለው ተቋም 26 ጥናቶችንና ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን አንድ ላይ ሲመረምር ምጡ ያጠረው በአማካይ በ40 ደቂቃ ገደማ ነው። አሥሩ ሰዓት የት ገባ? በእኔ አስተያየት ግን ትንሹ ቁጥር ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከእሱ ጋር በኦፕራሲዮን መውለድ እንደቀነሰ፣ ወሊዱን በመጥፎ የሚያስታውሱ ሴቶችም እንዳነሱ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ማንኛዋም እናት ራሷ የመረጠችው ሰው በምጧ ጊዜ አብሯት እንዲሆን መክሯል።

ይህ ማለት ሁሉም ነገር በሐሳብ ይፈታል ማለት አይደለም። ልጁ በዳሌዋ አላልፍ ላለ ወይም ደም ለሚፈሳት እናት የሚያስፈልጋት ሕክምና ነው። ምጧ የዘገየባትንም «ፈሪ ስለሆነች ነው» ማለት ሌላ በደል ነው። እህቴ አልፈራችም አልልም፤ ግን ብቻዋን ያስቀራት ፍርሃቷ አይደለም።

አሁን ሁለተኛዋን አርግዛለች። እናቴ ባለፈው ሳምንት ለክትትል አብራት ሄዳ፣ በዕለቱ መግባት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። «እማማ፣ እኛስ ደስ ባለን፤ ክፍሉ አንድ ነው፣ ሌሎች እናቶችም ተኝተውበታል፤ መከለያ የለንም» አሏት። ሐሰት አይደለም፤ እኔም አይቼዋለሁ።

«ስንት ሜትር ጨርቅ ይበቃል?» አለች እናቴ።