ጓሮሽን በአራቱ ወቅት
(ለወጣቷ ፎቶ አንሺ ልጄ)

ልጄ፣ ከወንጪም ከእንጦጦም አንስተሽ ያሳየሽኝን ፎቶዎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ዓይንሽ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል፤ ያደግሽበት የፒያሳ ግቢ፣ የጌሾው ጥግ፣ የእንሰቱ ጥላ በመካከላቸው የሉም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት አራዳ ውስጥ ነው፤ ፎቶም ከጥቅል ፊልም ዘመን ጀምሮ አነሳለሁ። ከዚህ በታች የቆጠርኩልሽ ምክር ሁሉም እኩል አይከብድም። አንደኛውንና አምስተኛውን አጥብቀሽ ከያዝሽ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

1. ቦታ ምረጪ፤ ከመረጥሽ በኋላ አትቀያይሪ።

ከወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመሽ ወደ ጓሮ ብታዪ በስተግራ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር፣ መካከል ላይ እንሰቱ፣ ከኋላው የኮኩ ዛፍ ይታያል። እዚያ ቁሚ። እግርሽ ያረፈበትን ድንጋይ ምልክት አድርጊበት፤ ስልኩን በደረትሽ ልክ ያዢው፤ ዙም አትንኪ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ ሆነሽ አንሺ። አንዱ ፎቶ ለብቻው ተራ ነገር ነው። የሐምሌውንና የጥሩን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ግን አንድ ግቢ መሆኑን የማያውቅ ሰው አያምንሽም።

በዚህ ዘዴ ከባድ ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉ። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር፤ በሰሜን ኢትዮጵያ ሲያልፉ ተራራውንና ሸለቆውን አንስተዋል። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየም ተመራማሪዎች እነዚያን ፎቶዎች ይዘው ወጡ። የጥንቱ ፎቶ አንሺ የቆመበትን ነጥብ ፈልገው፣ እዚያው ቆመው፣ ያንኑ መልክዓ ምድር እንደገና አነሱ። ሰሜኑ ከዓመት ዓመት እየተራቆተ ሄደ ሲባል ለኖረ ሰው ውጤቱ ያስገርማል፤ በብዙ ቦታ ዛፉ ከቴዎድሮስ ዘመን ይልቅ በዝቷል፣ መሬቱም ከድሮው በተሻለ ተይዟል። ይህን በልበ ሙሉነት ለመናገር የተቻለው ከአንድ ነጥብ ሁለት ጊዜ ስለተነሳ ነው። ከሌላ ቦታ ቢነሳ ኖሮ ክርክር እንጂ ማስረጃ አይሆንም ነበር።

2. ፀሐይ በየት በኩል እንደምታልፍ ዕወቂ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትሄድብንም። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማገባደጃ ድረስ በቀትር የምታልፈው በእንጦጦ በኩል ነው፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ በለገሃር በኩል። ከአንዱ ወደ ሌላው በምትሻገርባቸው ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ የቆመ እንጨት ጥላ ያጣል። እናም ወደ እንጦጦ በዞረው ግድግዳ ሥር ያለው ዳማ ከሴ በታኅሣሥ ቀትር ጥላ ውስጥ ነው፤ በግንቦት ፀሐይ ታገኘዋለች። ግድግዳሽ ወዴት እንደዞረ ካወቅሽ የትኛውን ተክል በየትኛው ወር እንደምታነሺ ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም።

ደግሞም ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ፣ ፀሐይዋ ብርቱ ስለሆነች በቀትር ጥላው ይጠቁራል፣ ቅጠሉ ይነጣል። በበጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ ተዪው። ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ይበቃሻል።

3. ክረምትን አትሽሺው።

ብዙ ሰው ካሜራውን ሰኔ ላይ ቆልፎበት መስከረም ላይ ያወጣዋል። እኔ ግን ከዓመቱ ሁሉ የምመርጠው ሐምሌንና ነሐሴን ነው። ደመናው ሰማዩን ሲሸፍን ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይወርዳል፤ ጥቁሩ ጥላ ይጠፋል፤ አረንጓዴ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ቀለም በየዓይነቱ ይለያያል። የሐበሻ ጎመኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የጌሾው ቅጠል ዘይት እንደተቀባ ያበራል፣ ጠጅ ሣሩ ወደ ቢጫ ይስባል። ይህን በበጋ ፀሐይ አታዪውም።

በክረምት አብዛኛውን ጊዜ ጠዋቱ ፈካ ብሎ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ሆነሽ ጠብቂ። ዝናቡ እንዳባራ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች የወቅቱ ሁሉ ምርጥ ናቸው። ያኔ ወደ እንሰቱ ሂጂ። ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከቅጠሉ ሥር ግቢና ቀና በዪ። ሰማዩ ከላይ ሲያበራበት የቅጠሉ አከርካሪ ወፍሮ መሃል ለመሃል ሲወርድ ታያለሽ፤ ከእርሱ በግራና በቀኝ ቀጫጭን ሥሮች ጎን ለጎን ተደርድረው እስከ ጠርዙ ይሄዳሉ። ነፋስና በረዶ ቅጠሉን የሚቀድዱት በእነዚህ ሥሮች መካከል ነው፤ ለዚህ ነው ቅዳዱ ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር የሚይዘው። የተቀደደውን ቅጠል ጥለሽ ደህናውን አትፈልጊ። በረዶ የወረደበትን ሳምንት የሚመሰክርልሽ የተቀደደው ነው። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ በከተማ ግቢ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለዚያ ሳይደርስ ይቆረጣል። ሲያብብ የማየት ዕድል ከገጠመሽ በየቀኑ አንሺው።

ሌንሱን በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጥረጊ። በጣት ከነካሽው ቅባቱ ፎቶውን ጉም ያለብሰዋል።

4. መስከረም ሲጠባ ቅረቢ።

ለእንቁጣጣሽ ከእንግጫ ጋር ታስሮ የሚሸጠውን አደይ ሁሉም ያነሳዋል። አንቺ በሥሩ ያለውን ፈልጊ፤ በግቢው አጥር ሥር ወይም በእንጦጦ አቀበት ጠርዝ አይጠፋም። ቀርበሽ ስታዪው አንድ አበባ ያልሽው ብዙ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አደይ ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በዙሪያው የተዘረጋው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠል ራሱን የቻለ አበባ ነው፤ የመሃሉ ክብም በጥቃቅን አበቦች የተሞላ ነው። እነዚያ ጥቃቅኖች ሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈነዱም፤ ከዳር ጀምረው በተርታ ወደ መሃል ይፈካሉ። አንዲቷን ራስ ለተከታታይ ቀናት በየጠዋቱ ብታነሺያት የፈኩትን ቀለበት እየጠበበ ሲሄድ ታያለሽ። ለእኔ ከአንድ ሜዳ ሙሉ አደይ ይህ ይበልጣል።

ቢጫ ቀለም ስልክን ያታልላል። ብርሃኑ ሲበዛ የአበባው ዝርዝር ሁሉ ጠፍቶ አንድ ቢጫ ጠብታ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አበባውን በጣትሽ ነክተሽ ፎከስ ካስያዝሽ በኋላ ብርሃኑን ዝቅ አድርጊው፤ ጠቆር ያለውን ፎቶ ኋላ ማፍካት ይቻላል፣ የነጣውን ማዳን ግን አይቻልም። ነፋስ ካወዛወዘው ግንዱን ዝቅ ብለሽ በሌላ እጅሽ ያዢው። ቀጥፈሽ ወደ ቤት አታስገቢ።

በዚሁ ዓይን ጌሾው ሲያፈራ ጎብኚው። አረንጓዴ፣ ቀይና ጥቁር ፍሬ በአንድ ዘለላ ላይ አብረው ይገኛሉ፤ ሦስት የጊዜ እርከን በአንድ ፎቶ ማለት ነው። ጤና አዳሙንም አትለፊው። ቡና ውስጥ እየጨመርን ስንት ዘመን ጠጥተነዋል፤ ግን አበባውን ቀርቦ ያየ ስንቱ ነው? የአበባው ቅጠል ጠርዝ ለስላሳ አይደለም፣ ዙሪያውን የተዘረዘረ ነው። መጀመሪያ የምትፈነዳው የመሃሏ አበባ አምስት ቅጠል ሲኖራት የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ አራት ነው ያላቸው። ቁጠሪና እይ።

5. ስም የሌለው ፎቶ ግማሽ ፎቶ ነው።

እያንዳንዱን ተክል በሠፈር ስሙ ጻፊው፤ ስሙን ካላወቅሽ እናትሽን፣ ካልሆነም ከአጥር ማዶ ያሉትን አዛውንት ጠይቂ። ኮሰረት፣ ግራዋ፣ በሶብላ፣ ሬት እያሉ ይቆጥሩልሻል፤ ለምን እንደተከሉትም ይነግሩሻል። ይህን በደብተር ያዢ፤ ማን ተከለው፣ ከየት መጣ፣ ለምን ይጠቅማል። የግራዋ ቅጠል ጋን ማጠቢያ መሆኑን ፎቶው አይናገርም፤ አንቺ መጻፍ አለብሽ።

የሠፈር ሰው የማያውቀው ተክል ከገጠመሽ አራት ኪሎ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም እዚያ ነው፤ ከመላ አገሪቱ የተሰበሰቡ ዕፅዋት ደርቀው፣ ስማቸውና የተለቀሙበት ቦታና ቀን ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ የተዘረዘሩበት «ፍሎራ» ከ1972 እስከ 2001 ዓ.ም. ሲዘጋጅ ማዕከሉ ይህ ቤት ነበር፤ መጽሐፉ 6,000 ያህል የዕፅዋት ዓይነቶችን ይዟል። የአደይን ወገን በዝርዝር ካጠኑት አንዱ የአገራችን ልጅ መስፍን ታደሰ ናቸው። ልብ በዪ፤ ያ ሁሉ ክምችት ቀንና ቦታ ባይጻፍበት ኖሮ ድርቆሽ ነበር። ለፎቶሽም ሕጉ ያው ነው።

ፎቶዎቹን ስታስቀምጪ በአራቱ ወቅት ክፈያቸው፤ ከመስከረም 26 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 በጋ፣ ከመጋቢት 26 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 ክረምት። የውጭውን የወራት ስም ለስልኩ ተዪለት።

6. በጋውን ባዶ ነው አትበዪ።

ኮኩ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ የሚያብበው በደረቁ ወራት ነው። ገና በጋው ሳይገባ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ማለዳ ተነስተሽ በጎመኑ ጠርዝ ላይ ጤዛውን፣ አልፎ አልፎም አመዳዩን ፀሐይ ሳታነሳው ያዢው። አቧራ የለበሰ ቅጠልም የበጋ ምልክት ነውና ለፎቶ ብለሽ አትጠቢው። የበልግ ዝናብ አንድ ቀን ራሱ ያጥበዋል፤ ያንን ቀን አያምልጥሽ።

7. ፊልተር አታብዢ። ጥርን ሐምሌ የሚያስመስል ቀለም ውሸት ነው።

8. ሳታስፈቅጂ የሰው ጓሮ አትግቢ።

«እንደምን አደራችሁ» ብለሽ ግቢ፣ ምን እንደምታነሺ ንገሪ፣ የተሰጣውን ልብስና የሚጫወቱትን ሕፃናት ከፎቶው አውጪ። ቡና ካቀረቡልሽ ተቀመጪ። በመንገድ ላይ ደግሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አጥር አጠገብ ካሜራ አታውጪ፤ ጥበቃ ከጠየቀሽ በትሕትና ያነሳሽውን አሳይተሽ እለፊ።

9. ሳይመሽ አንሺ፤ ያነሳሽውንም አሳጥቢ።

አርመናዊው በድሮስ ቦያጅያን ለአፄ ምኒልክ፣ ልጆቹም ከእርሳቸው በኋላ ለነገሡት የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። በእነርሱ ምክንያት የነገሥታቱን ፊት፣ የመኳንንቱን ካባ ዛሬ እናውቃለን። የዚያን ዘመን የአራዳ ጓሮ ምን ይበቅልበት እንደነበር ግን የሚያሳየን ፎቶ ለማግኘት ብዙ መድከም አለብን። የቀሩልን ፎቶዎች የሚበዙት የሰውና የአደባባይ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ አየሁ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ በዳር በዳሩ ሣርና አበባ ተተክሏል፤ ያማረውን አላማረም አልልም። ነገር ግን ያ የመንገድ ዳር ሣር ውሃ እየጠጣ ስለሚኖር ሐምሌም ጥርም መልኩ ያው ነው። ወቅት የሚታወቀው በጓሮ ነበር። ቤቶቹ ሲቆጠሩ አይቻለሁ፤ ጌሾውን፣ ግራዋውን፣ ሦስት ትውልድ የቆረጠውን ጤና አዳም የመዘገበ ግን አላየሁም። ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሲሄዱ አንዳንዶቹ የቻሉትን በጣሳ ነቅለው ወስደዋል፤ ፎቅ ላይ ግን እንሰት አይተከልም።

ስለዚህ የቀረልንን ግቢ ዛሬ ጀምሪው፤ አዲስ ዓመትን አትጠብቂ። ከስልክሽ ላይም አትተዪው፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ዓመቱ ሲሞላ የተሻሉትን መርጠሽ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ አሳጥቢ። ጀርባቸው ላይ የተክሉን ስም፣ የሠፈሩን ስም፣ ቀኑንና የተከለውን ሰው በእስክሪብቶ ጻፊ። ሁለት ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን አንቺ ያዢ፣ ሌላውን ተክሉን ላሳደጉት እናት ባሉበት ሄደሽ በእጃቸው ስጪ።