የመፀው ወራትና በዓላቱ
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

1. ስለ ወራቱ

በኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠር አንድ ዓመት በአራት ወቅት ይከፈላል። እነርሱም መፀው፥ በጋ፥ ፀደይና ክረምት ናቸው። መፀው መስከረም 26 ቀን ገብቶ ታኅሣሥ 25 ቀን ይፈጸማል፤ ዕድሜውም 90 ቀን ነው። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 40 ቀኖች፥ ማለት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት፥ ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ ጽጌ በግዕዝ ቋንቋ አበባ ማለት ነውና። ገበሬው ግን መስከረም እንደ ጠባ ክረምቱ ወጣ ብሎ ስለሚቈጥር፥ በሕዝብ ልማድ የዚህ ወቅት ደስታ የሚጀምረው ከእንቍጣጣሽ ነው።

ይህን ወቅት ለማስተማር ወለቃ መልካም ምሳሌ ናት። ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን፥ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኝ መንደር ናት። ትንሽ ብትሆንም፥ የክርስቲያንና የቤተ እስራኤል በዓላት በአንድ ወቅት ሲከበሩ የታዩባት፥ የሸክላ ሥራም ስሟን ያስጠራላት ስፍራ ስለሆነች፥ ተማሪው ወቅትን፥ በዓልንና ሥራን በአንድነት ሊመለከትባት ይችላል።

ክረምቱ የሚወጣበት ምክንያት እንዲህ ነው። መስከረም 12 ወይም 13 ቀን ገደማ ፀሐይ በምድር ወገብ ላይ በቀጥታ ትውላለች፤ ቀንና ሌሊትም ይተካከላሉ። ከዚያ በኋላ የፀሐይ መንገድ ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብል ዝናቡም እርሷን ተከትሎ ከጎንደር ደጋ ይርቃል። ሌሊቱም እስከ ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ እየረዘመ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ በጎንደር አካባቢ የቀኑ ርዝመት ከ12 ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል ይጎድላል። ሰማዩም ስለሚጠራ ምድር በቀን የተቀበለችው ሙቀት የሚጋርደው ደመና አጥቶ በሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል። በደጋው ላይ ውርጭ የሚወርደው ስለዚህ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውም የአባቶች ብሂል ይህንኑ ብርድ የሚያስታውስ ነው።

በመስከረም አደይ አበባ ሜዳውንና የእርሻውን ዳር ታለብሳለች፤ ኑጉም ተከትሎ ሲያብብ ማሳው ሁሉ ብጫ ይሆናል። ንቦችም ከእነዚህ አበቦች ስለሚቀስሙ በጥቅምትና በኅዳር ማር ይቈረጣል። የባቄላና የአተር እሸት ይደርሳል፤ ገብሱ ይታጨዳል፤ በኋላም የጤፉ ተራ ይመጣል፤ አውድማም ይለቀለቃል።

2. ስለ ወቅቱ ፈተና

ይህ ወቅት በመጀመሪያው ለዓይን ጥጋብ ነው፤ ለጎተራ ግን ገና ራብ ነው። እንቍጣጣሽና መስቀል የሚውሉት የዓምናው እህል ባለቀበት፥ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ በቆመበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ብዙ ባለ ትዳር ከጎረቤቱ ላለማነስ ሲል በወለድ ተበድሮ በግ ይገዛል። በዓሉ አንድ ቀን ውሎ ያልፋል፤ ዕዳው ግን እስከ አውድማ ይከተላል፤ ያ ሁሉ የተደከመበት እህል ሲወቃም ግማሹ ለአበዳሪው ይሰፈራል። እንዲህ ያለው ሰው በዓሉን አከበረ ከማለት ይልቅ መከሩን በቡቃያው ሸጠ ቢባል ይሻላል።

አባቶች ለዚህ ችግር መድኃኒቱን ያውቁ ነበር። አንድ በሬ ለብዙ ቤት የሚከፋፈልበት ቅርጫ፥ ምግቡና ጠላው በየተራ የሚዘጋጅበት ማኅበርና ሰንበቴ፥ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ለሁሉ የሚያቀሉ ልማዶች ናቸው። ከእሸቱም ለጎረቤት መስጠት፥ ልጆችን ይዞ አበባ ወዳለበት ሜዳ መውጣት፥ የታመመን መጠየቅ ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ የበዓል ደስታ ነው።

3. ስለ በዓላቱ

መስቀል ንግሥት እሌኒ በ4ኛው መቶ ዓመት የጌታን መስቀል ያገኘችበት መታሰቢያ ነው። ደመራው እንደየአገሩ ልማድ መስከረም 16 ቀን ማታ ወይም መስከረም 17 ቀን ማለዳ ይለኰሳል። ይህ በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል ተመዝግቧል። ዘመነ ጽጌ እመቤታችን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ ሲሆን፥ ፍጻሜው ኅዳር 6 ቀን የቍስቋም በዓል ነው። ይህ በዓል በጎንደር ልዩ ክብር አለው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት የደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ቤተ ክርስቲያን ከከተማው በላይ ባለው ከፍታ ላይ አሠርተዋልና። ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓል ይውላል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ፥ በዚህ ቀን ግቢንና ሰፈርን ማጽዳት በብዙ ስፍራ ልማድ ሆኗል። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ስለሚገባ የመከሩ ሥራ የሚፈጸመው በጾም ነው።

በወለቃና በአካባቢዋ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም በዚሁ ወቅት በዓላት ነበሯቸው። የሰባተኛው ወር መባቻ ብርሃን ሠረቀ፥ አሥረኛው ቀን አስተስርዮ፥ ከአሥራ አምስተኛው ቀን ጀምሮ ያለው ደግሞ በዓለ መጸለት ይባላል። ከአስተስርዮ ጀምሮ ሲቈጠር በ50ኛው ቀን፥ ማለት በስምንተኛው ወር በ29ኛው ቀን፥ ሲግድ ይውላል። ስሙ ከስግደት የወጣ ነው። በዚያ ቀን ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፥ ቄሶቹ በብራና የተጻፈውን የግዕዝ ኦሪት ይዘው፥ በጾም ወደ ኮረብታ ይወጡ ነበር። አንዳንዱም ለትሕትና ምልክት ድንጋይ ይሸከም ነበር። በኮረብታውም ላይ ሕጉ በሲና ተራራ የተሰጠበት ነገር፥ እንዲሁም የዕዝራና የነህምያ ታሪክ ይነበባል። ከቀትር በኋላ ወርደው ጾማቸውን ይፈታሉ፤ በአንድነትም ይበላሉ፥ ይደሰታሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት ለዚህ በዓል ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብባት ስፍራ በጎንደር አካባቢ የምትገኘው አምቦበር ነበረች።

ተማሪዎች አንዱ በዓል በየዓመቱ በአንድ ቀን ሲውል ሌላው ለምን እንደሚዘዋወር ይጠይቃሉ። መልሱ በአቈጣጠሩ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዓመት ፀሐይን የተከተለ ሆኖ 365 ቀን፥ በየአራት ዓመቱም 366 ቀን ስላለው፥ መስቀል ሁልጊዜ መስከረም 17 ቀን ይውላል። የቤተ እስራኤል ወር ጨረቃን ይከተላል፤ ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወር እየተጨመረ ከፀሐይ ጋር ስለሚስተካከል፥ ሲግድ ከጥቅምት መጨረሻና ከኅዳር ብዙ አይርቅም። የእስላሞች ዓመት ደግሞ ጨረቃን ብቻ ተከትሎ 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ፥ መውሊድና ሌሎቹ በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ ወቅቱን ሁሉ ይዞራሉ።

4. ስለ በዓሉ ዕቃ

በዓል ያለ ዕቃ አይዘጋጅም። ጠላው በጋን ይጠመቃል፤ እንጀራው በምጣድ ይጋገራል፤ ወጡ በሸክላ ድስት ይሠራል፤ ቡናው በጀበና ይፈላል። በወለቃ እነዚህን ዕቃዎች የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ፤ ወንዶቹም ብረት ይቀጠቅጡ፥ ሸማ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ በጎንደር ዙሪያ ያለው ክርስቲያን መስቀልንና ቍስቋምን ሲያከብር፥ ማጭዱን የቀጠቀጠለት፥ ጋኑንም ያበጀለት ብዙ ጊዜ የቤተ እስራኤል ጎረቤቱ ነበር።

የሸክላው ሥራ ከወቅቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ቈፍራ ታመጣለች፤ ትፈጨዋለች፤ በውሃ ታቦካዋለች፤ በእጇም ቅርጽ ታወጣለታለች። ከዚያም በጥላ ታደርቀዋለች፤ በለስላሳ ድንጋይ ትፈትገዋለች፤ በመጨረሻም በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ትተኵሰዋለች። በክረምት ዕቃው በቶሎ አይደርቅም። ሳይደርቅ ከእሳት የገባ እንደ ሆነ በውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ሰማዩ ሲጠራ ግን ሥራው ይቃናል፤ ስለዚህ መፀው ለገበሬው የመከር መጀመሪያ እንደ ሆነ ሁሉ ለሸክላ ሠሪዋም መልካም ጊዜ ነው።

ዕቃው ወደ ገዢው ቤት ከገባ በኋላም ሌላ እጅ ይጠብቀዋል። አዲሱ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ ጋኑም በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል። እንግዲህ በበዓል ቀን በገበታ ላይ የሚቀርበው እንጀራ የገበሬውም፥ የሸክላ ሠሪዋም፥ የጋጋሪዋም ሥራ ነው።

5. ሊሸሸግ ስለማይገባ ነገር

መምህሩ ይህን ካስተማረ በኋላ አንድ የሚከብድ ነገር ደግሞ ማስተማር አለበት። በቀድሞ ዘመን ሸክላ ሠሪን፥ ቀጥቃጭንና ሸማኔን መናቅ በብዙ ስፍራ ልማድ ሆኖ ኖሯል። ባለ እጁን ቡዳ ነው ብሎ ማማት፥ ልጅ ቢታመም ወይም ላም ብትነጥፍ በእርሱ ማሳበብ፥ ቤተ እስራኤልን ሊያዋርድ በሚችል ስም መጥራት የተለመደ ነበር። ሴቲቱ የሠራችው ምጣድ በቤቱ ምድጃ ላይ የክብር ስፍራ ሲያገኝ፥ እርሷ ግን ከደጅ ቆማ ዋጋዋን ተቀብላ ትመለስ ነበር። እርግጥ ቤተ እስራኤልም ስለ ኦሪት ሕግ ከሌላ ሰው እጅ አይበሉም፥ ከነኩትም በኋላ ይታጠቡ ነበር። ነገር ግን በሕግ ምክንያት በገበታ መለየት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን በእጁ ሥራ ማዋረድ ሌላ ነገር ነው። አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ይሁን እንጂ ዐዋጅ ብቻውን የቈየውን ልማድ ሊሽረው አልቻለም።

ከዚያም ዘመኑ ተለወጠ። በ1977 ዓ.ም. ብዙ ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል፥ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ሲግድም አብሯቸው ሄደ፤ በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል ሕግ የአገር በዓል ሆኖ ተደነገገ፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ይከበራል። በወለቃ የጸሎት ቤታቸው መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል፤ የሸክላውም ሥራ ፈጽሞ አልጠፋም። ወደ ኮረብታው የሚወጣው ነጭ ለባሽ ሕዝብ ግን እንደ ቀድሞው አይታይም።

በ1977 ዓ.ም. የ25 ዓመት ጐልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ከ60 ዓመት አልፏል። ያንን ጎረቤት በስም የሚያውቁ፥ ከእጁ ማጭድ የተቀበሉ፥ በሲግድ ቀን ከሩቅ ቆመው ያዩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በየዓመቱ ይጎድላሉ። እነርሱ ሳይናገሩ ያለፉ እንደ ሆነ፥ ልጆቹ የሚወርሱት ስድቡን ብቻ ነው፤ ስድብ ያለ አስተማሪ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋልና። የጎረቤትን በዓልና የእጁን ሥራ ማወቅ ግን የሚነግር ሰው ይፈልጋል።

6. መምህሩና ሽማግሌው ሊያደርጉት ስለሚገባ ነገር

አንደኛ፥ መምህሩ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ በሰሌዳው ዳር የወቅቱን መዝገብ ያስይዝ። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ የትኛው አበባ እንደ ፈነዳ፥ የትኛው እሸት እንደ ደረሰ፥ ውርጭ በየትኛው ሌሊት እንደ ወረደ ይጻፉበት። ሁለተኛ፥ ከበዓል በፊት ለአንድ ቤት የሚበቃውን ወጪ በሒሳብ ትምህርት ያስላ፤ ብድሩና ወለዱ እስከ ታኅሣሥ ስንት እንደሚደርስም ያሳያቸው። ሦስተኛ፥ ሸክላ ሠሪ በአቅራቢያ ካለች ተማሪዎቹን ወደ እርሷ ይውሰድ፤ እርሷንም እንደ መምህርት በአክብሮት እንዲሰሟት አስቀድሞ ያስጠንቅቃቸው። አራተኛ፥ የአገር ሽማግሌ ወደ ትምህርት ቤት ተጠርቶ ያየውን ይንገር፤ የሠራው በደልም ቢኖር አይሸሽግ። ሽማግሌ ስሕተቱን በልጆች ፊት ሲናገር ክብሩ አይቀንስም።

በዓልን በእውነት ደስ ብሎት የሚያከብር ሰው ገበታው በስንት ሰው እጅ እንደ ተዘጋጀ ያውቃል። ይህን ያወቀ ልጅ፥ ዕዳ ገብቶ ከጎረቤቱ አይፎካከርም፤ ምጣዱን የሠራችለትንም ሴት ከደጅ አያቆምም።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. መፀው መቼ ገብቶ መቼ ይፈጸማል? ዘመነ ጽጌስ ስንት ቀን ነው?
2. ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ውርጭ የሚወርደው ለምንድን ነው?
3. መስቀል በየዓመቱ በአንድ ቀን ሲውል መውሊድ ለምን ይዘዋወራል?
4. ያልደረቀ ሸክላ በእሳት ውስጥ ለምን ይሰነጠቃል?
5. በቤታችሁ ያለውን ምጣድ ማን ሠራው? ስሙን ወይም ስሟን ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ ኑ።