ደብረ ማርቆስን ስልክ አላስለቀቃትም

ስለ ጣሊያን ዘመን ጎጃም ሲወራ የስልኩ ጨዋታ ሳይነሣ አይቀርም። ዊንጌት የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን ጥቂት ወታደር ይዞ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል። አብሮት ጣሊያንኛ የሚችል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አለ። ጋዜጠኛው ስልክ ያነሣና እንደ ጣሊያን ሆኖ ብዙ ሺህ የእንግሊዝ ጦር እየመጣ መሆኑን ይናገራል። ጠላት በአንድ ወሬ ደንግጦ ከተማዋን ጥሎ ይሸሻል።

ጨዋታው ይጥማል፤ መሠረትም አለው። ጋዜጠኛው ኤድመንድ ስቲቨንስ የሚባል ሰው ነበር፤ በስልኩም ተነጋግሯል። ችግሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ስልኩ በተነሣበት ሰዓት የጣሊያን ጦር ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ጉዞ ጀምሯል። ዊንጌትና ስቲቨንስ የነበሩት ጠላት ለቆት በሄደው ምሽግ ውስጥ ነው፤ በሽቦው ማዶ የሚሰማቸው ደግሞ ወደ ዓባይ በኩል የነበረ ጣሊያን ነው። ስለዚህ ወሬው ቢበዛ የሚሸሸውን ጦር እግር አፍጥኖ ይሆናል። ከተማዋን ያስለቀቃት ግን እሱ አይደለም።

ታዲያ ምን አስለቀቃት? ዓይናችንን ከጎጃም ትንሽ ከፍ ማድረግ አለብን። መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ሐረር ተያዘች። በማግስቱ፣ መጋቢት 18፣ ከሳምንታት ከባድ ውጊያ በኋላ ከረን ወደቀች። የእንግሊዝ ጦር በምሥራቅ በኩል ወደ አዲስ አበባ እየገሠገሠ ነበር። የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን የተበታተነ ጦሩን መሰብሰብ ስለነበረበት የደብረ ማርቆሱ አዛዥ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ከተማዋን ለቆ ዓባይን እንዲሻገር ታዘዘ። በመጋቢት መጨረሻ ከአሥር ሺህ የሚበልጥ ሰው፣ ወታደሩም ሴቱም ሕፃኑም፣ በደጀን በኩል ወደ በረሃው ወረደ።

ይህ ማለት ደብረ ማርቆስ ላይ ውጊያ አልነበረም ማለት አይደለም። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ባሉት ኮረብቶች ላይ በእንግሊዙ መኮንን በቡስቴድ የሚመሩ የሱዳን ወታደሮች በተከታታይ ሌሊቶች በቦምብና በሳንጃ ምሽጎችን አጥቅተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የካቲት መጨረሻ ላይ በደምበጫ አቅራቢያ ቻራቃ ወንዝ ላይ፣ ከቡሬ ያፈገፈገው ትልቅ የጠላት ጦር ከዊንጌት ጋር የነበረውን ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ ገጥሞት እጅግ የከፋ ውጊያ ተካሂዷል። ያ ሻለቃ ቁጥሩ ትንሽ ነበር፤ ብዙ ሰው ወደቀበት። ስለ ስልኩ የሚያወራ አሥር ሰው ሲገኝ ስለ ቻራቃ የሚያነሣ አንድ እንኳ ማጣታችን ያሳዝነኛል።

በከተማዋ ውስጥ ግን የመንገድ ለመንገድ ውጊያ አልተደረገም። ደብረ ማርቆስ የቀረችው በራስ ኃይሉ እጅ ነው። ራስ ኃይሉ የጎጃሙ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው፤ በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከእሥር ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ታሥረው ነበር፤ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ወገን ሆኑ። ጣሊያንም በመጨረሻው ሰዓት ወደ ጎጃም የመለሳቸው በአባታቸው ስም ሕዝቡን ያረጋጉልኛል ብሎ ነው። ማራቬንታኖ ሲወጣ እሳቸው ቀሩ፤ ከተማዋንም አስረከቡ። መጋቢት 28 ቀን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ቀን የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ።

ከሽማግሌ የሰማነውን ለመመርመር የሚያገለግል አንድ ዘዴ እዚህ ላይ ላሳይ። በአገራችን ትልልቅ ሰዎች ነገሩን የሚያስታውሱት በጾምና በበዓል ነው። በ1933 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። እንግዲህ ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ የገቡበት መጋቢት 28 እሑድ ሲሆን በሁዳዴ ውስጥ ያለው ኒቆዲሞስ ነበር። አዲስ አበባ የገቡበት ሚያዝያ 27 ደግሞ ፋሲካ አልፎ ነው። አንድ የጉንደ ወይን አባት «ጣሊያን የወጣ ለት እኛ ፈስከን ነበር» ብለው ቢነግሩን፣ የቢቸናው ደግሞ «የለም፣ ሁዳዴ ላይ ነው» ቢሉ፣ አንዳቸው ዋሹ ማለት አይደለም። የሞጣው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ከደብረ ማርቆስ ሳምንታት ቆይቶ ነው። ጉንደ ወይን በሞጣና በቢቸና መካከል ያለች አገር ናትና፣ «የወጣ ለት» ሲሉ ከየት የወጣ ለት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ብዙ የተጋጩ የሚመስሉ ትረካዎች በዚህች አንዲት ጥያቄ ይታረቃሉ።

ሌላው የሚደጋገመው የቁጥር ነገር ነው። ዊንጌት ጦሩን የጌዴዎን ጦር ብሎ ሰየመው፤ ጌዴዎን በጥቂት ሰው ብዙ ጠላት እንዳሸነፈ መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ሁለት ሺህ ያህል ሰው 35,000 የሚሆን ጠላት ከጎጃም ነቀለ ይባላል። ከሒሳቡ ሳይደመር የቀረ ሰው ግን አለ። ከ1930 ጀምሮ ጎጃም ተነሥቶ ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም ጠላትን በከተማና በምሽግ አጥር ውስጥ ከተቱት። አንድ የጣሊያን ጦር ከቢቸና ወይም ከሞጣ ወጥቶ ስንቅ ለማምጣት አጀብ ያስፈልገው ነበር፤ ሌሊት ደግሞ መንገዱ የአርበኛ ነው። የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ጎጃም ሲገባ ያገኘው እንዲህ ያለ አገር ነው። የጌዴዎን ጦር ለሳምንታት የተዋጋው ዓመታት ሙሉ ደሙ ሲንጠፈጠፍ ከቆየ ጠላት ጋር ነው። ይህን መናገር የሱዳኑንም የኢትዮጵያ ሻለቃውንም ጀግንነት አይቀንስም። አርበኞች ብቻቸውን አስወጡት ማለትም በዚያው ልክ ስሕተት ነው፤ መድፍና አውሮፕላን ያለውን ምሽግ በጠመንጃ ብቻ መንቀል ከባድ እንደነበረ አርበኞቹ ራሳቸው ያውቁት ነበር።

አሁን ወደሚያመው ታሪክ እንምጣ። የማራቬንታኖ ጦር ዓባይ በረሃ ሲወርድ መንገዱን መዝጋት የነበረበት በላይ ዘለቀ ነው ይባላል። ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ስለገቡለት ግን ዝም ብሎ አሳለፈው፤ የእንግሊዝ መጻሕፍት ደጋግመው የሚተርኩት ይህንን ነው። በላይን እንደ ዓይናችን ብሌን ለምናየው ለኛ ይህ ስድብ ሆኖ ይሰማናል። ቢሆንም በቁጣ መልስ መስጠት ማስረጃ አይሆንም፤ ትረካውን ፈታትቶ ማየት ይሻላል።

የተረጋገጠው ይህ ነው፦ ጦሩ ዓባይን ተሻግሯል፤ መሻገሪያው ላይም የሚደመስሰው ውጊያ አልገጠመውም። የቀረው የበላይን ልብ ማወቅ ነው። ልቡን የሚነግሩን ደግሞ ጦሩ ስላመለጣቸው ለአለቆቻቸው ምክንያት ማቅረብ የነበረባቸው የእንግሊዝ መኮንኖች ናቸው። ይህ ብቻውን ውሸታሞች አያደርጋቸውም፤ ቃላቸውን ግን እንደ አንድ ወገን ምስክር እንድንይዘው ያስገድደናል። ከዚያ ቀጥሎ ቦታውን ማየት ነው። መንገዱ አንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ነው፤ የሚወርደው ጦር መድፍና መትረየስ አለው፤ ጠባቂው ደግሞ ደፈጣን እንጂ ፊት ለፊት ግጥሚያን ያልለመደ አርበኛ ነው። የአካባቢውን ነገርም አለመርሳት ነው፦ ራስ ኃይሉ በዚያ ሳምንት የጠፉ ሰው አይደሉም፤ ነገ የጎጃም ገዥ ማን እንደሚሆን ገና አልታወቀም። በላይ ከሳቸው ጋር መልእክት ቢለዋወጥ የሚደንቅ አይደለም። የጋብቻ ተስፋው እውነት ቢሆን እንኳ፣ ከጦሩ ብዛትና ከመሬቱ ክፋት ይልቅ እሱ እንደወሰነ የሚያሳይ ነገር መጽሐፎቹ አያቀርቡልንም። የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ «በላይ አላጠቃም» ማለት ይቻላል፤ «በላይ ተገዛ» ለማለት ግን በእጃችን ያለው ምስክር አይበቃም።

ጃንሆይ ከድሉ በኋላ ለበላይ ደጃዝማችነት ሰጥተው ቢቸናን አስገዙት። በ1937 የተሰቀለው ከድል በኋላ ከመንግሥት ጋር በተፈጠረ ጠብ ነው። ብዙ ሰው ግን ስቅላቱን ወደ ኋላ ወስዶ ከዓባዩ ታሪክ ጋር ያጋባዋል፤ አንዱ ወገን «ለዚያ ጥፋቱ ነው» ሲል ሌላው ወገን ታሪኩን እሱን ለማስገደል የተፈጠረ ያደርገዋል። በዓባዩ ነገርና በስቅላቱ መካከል ግን አራት ዓመት ገደማ አለ።

ከዓባይ ያመለጠው ጦርም ርቆ አልሄደም። ዊንጌትና ከጃንሆይ መኳንንት አንዱ የሆኑት ራስ ካሣ ከነአርበኞቻቸው እየተከተሉት ሰላሌን አልፎ ወደ ወሎ ዘለቀ፤ ግንቦት 1933 አጋማሽ ላይ አጅባር አጠገብ ተከበበ። ማራቬንታኖ ስምንት ሺህ ከሚሆን ሰው ጋር እጁን ሰጠ።