ድመቷስ? የ4 ወር ሂሳብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን ለትምህርት ስመጣ ድመቴን ልያዛት ወይስ ልተዋት የሚለውን የወሰንኩት ቀን ቆጥሬ ነው። ኢትዮጵያ የአውሮፓ ኅብረት ቀለል ያለ አሠራር ከፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ አይቆጠርም! ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደሟ ተወስዶ ኅብረቱ በሚቀበለው ላቦራቶሪ ይመረመራል። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው።

የእኔ ቪዛ የመጣው ትምህርት ሊጀመር 3 ሳምንት ሲቀረው ነው። የተማሪ መኖሪያዬም ድመት አይፈቅድም። እማዬ ደግሞ “እሷንም ልትወስጂብኝ ነው?” አለችኝ፤ ከዚህ በኋላ ምን ሂሳብ አለ? ከእማዬ ጋር ቀረች።

ይዤ እመጣለሁ የምትሉ ግን ቪዛ ሳትጠብቁ ጀምሩ። ክትባቱ ጊዜው ሳያልፍ እስከታደሰ ድረስ የደም ምርመራው አይደገምም።